በክንዴ ላይ ያለፈ ክረምት

ሰኔ 4

ደብተሩ የሚሚ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ጀምራ የተወችው የሳይንስ ደብተር። የተጻፈበትን ቀድጀ ጣልኩትና ከዚህ ጀመርኩ። እዚህ ቤት የምናገረው ሁሉ ዞሮ እኔኑ ስለሚወጋኝ ለወረቀት ብናገር ይሻለኛል።

ቀኝ ክንዴ ክርኑ ላይ ታጥፎ ቀርቷል። ሪያድ ሳለሁ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው የተሰበረው። ጀሶው ከሚገባው በላይ ቆየብኝ፤ ሲፈታ ክንዴ የጀሶውን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ለመጻፍ ይመቻል። አፌ ጋ ግን አይደርስም፤ የልብስ ገመድ ላይም አይደርስም። ስለዚህ በግራየ እበላለሁ።

ትናንት ማታ ታላቅ ወንድሜ ይሻው ግራ እጄ ትሪው ውስጥ ሲገባ አየና እጁን ሰበሰበ። «በግራ የተነካ እኔ አልበላም» አለ። እማየ እንጀራውን ወደ እሱ አዞረችለት። ዛሬ ምሳ ላይ የእኔ በትንሽ ሳህን ለብቻየ ቀረበልኝ። ትሪውን ከሪያድ የላክሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 7

ሴቶችን ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ መጥቶ ነበር። ሳሎን ሆነው ሲያወሩ ከጓዳ ሰማኋቸው።

«ክንዷን ዘርግታ ካላሳየች የጤና ምርመራውን አታልፍም» አለ ደላላው። «የተሰበረ ዕቃ የሚቀበለኝ የለም።»

ይሻው ሳቀ። «ይቃናል። የሚያቃና ሰው አግኝተናል።»

«ካልተቃናስ?»

«ካልተቃና ትንሿ አለች።»

ትንሿ ሚሚ ናት፤ እህታችን። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እማየም እዚያው ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ድምጿን ጠበቅሁ፣ አልሰማሁትም። ምናልባት ቀስ ብላ ተናግራ ይሆናል።

እኔ እዚያ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ሚሚ አታውቅም። ክንዴ መቃናት አለበት፣ በቃ።

ሰኔ 11

የሚያቃናው ሰው አለምነው ይባላል። መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። ፊዚዮቴራፒ ነው የተማረው፤ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም «አይደለሁም» አይልም። ደንዳና ሰውየ ጠብቄ ነበር። ቀጭን ነው፤ ሲናገር ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የእጄን አንጓ አየው። እሱም አብሮ ደርቆ ነበር። በሁለት እጁ ያዘና አውራ ጣቶቹን ከላይ ደርቦ ቀስ እያለ አጠፈው። እንቢ ያለበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። «ቤታችሁ ወዴት ነው?» አለኝ። «ከገሳይ ነው የመጣነው፣ አሁን ግን…» ስለው ቀጭ አደረገው። አጭር ግፊት ነው፤ ጣት እንደማንቋቋት ያለ። አላመመኝም። ቤት ስደርስ በቀኜ ቁልፉን አዙሬ በሩን ከፈትኩ። ስንት ወር ሆኖኝ!

እማየም አብራኝ ሄዳ ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ በእግሯ ውጭ በኩል እየሰነጠቃት ስታነክስ ከርማለች። በሆዷ አስተኝቶ እግሯን በሁለት እጁ ያዘና አንዴ ወደ ታች ወርወር አደረገው። «ኧረ ማርያም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ተነስታ ሄደች። እየሳቀች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። አሁን ለጎረቤት ሁሉ የምታወራው የእሱን ነገር ነው።

ሰኔ 24

ዛሬ አለምነው ወደ ክርኔ መጣ። ወደ መዘርጋት ሞከረ፣ ወደ ማጠፍ ሞከረ፤ በጣም ቀስ ብሎ ነው። ፊቱ ቅጭም አለ።

«ይኸኛው እንደ አንጓው አይደለም» አለ። «ስብራት ነበረበት። ራጅ ሳላይ አልገፋውም። ተነስታለች?»

አፌን ስከፍት አብሮኝ የመጣው ይሻው ቀደመኝ። «ተነስታለች። ባለፈው ሳምንት። አጥንቱ በደንብ ገጥሟል ብለውናል።»

«ፎቶውስ?»

«ቤት ነው ያለው፣ እናመጣልሃለን።»

ራጅ የሚባል ነገር አልተነሳሁም። አለምነው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው ውቢት?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

መንገድ ላይ ይሻው ከረሜላ ገዛልኝ። እንደ ልጅ። ተቀብየ በላሁት።

ለምን ነቀነቅሁ? ራጁ «አይሆንም» ቢልስ ብየ ነው። አይሆንም ከተባለ ተራው የሚሚ ነው።

ሐምሌ 2

ዛሬ ገፋው።

አልጋው ላይ አስተኛኝ። ሚሚ የላይኛውን ክንዴን ጠፍንጋ እንድትይዝ አደረጋት። እሱ አንድ እጁን ክርኔ ሥር አስገባ፣ በሌላው ከአንጓየ በላይ ያዘ። «ትንፋሽሽን ልቀቂ» አለኝ፤ ለቀቅሁ።

የመጣውን መጻፍ አልችልም። ጣሪያው ነጭ ሆነብኝ። ግን ክንዴ ተዘረጋ፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ከበፊቱ ግን በስንዝር ያህል። «አየሽ!» አለ አለምነው፤ እሱም ላቡ ወርዶ ነበር። እማየ እልል አለች። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በበሩ አጮልቀው አዩኝ።

ሚሚ ክንዴን እስከመጨረሻው አልለቀቀችም። «አሞሻል እትየ?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ብቻ?»

እንዳታዝን ብየ ሳቅሁላት።

ሐምሌ 5

አበጠ። ይግላል። ልብሴን ማውለቅ አቃተኝ፤ እማየ እጅጌውን በመቀስ ቀደደችው። ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ሚሚ በቅቤ ታሸኛለች። ጎበዝ ናት፣ ሳልጠይቃት ነው የምትመጣው። ስታሽ ግን ጠንከር ታደርገዋለች።

ሐምሌ 9

ያ የተገኘው ስንዝር የለም። ክንዴ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ እንዲያውም ብሶበታል።

አለምነው ዳሰሰውና እጁን አነሳ። «ይሞቃል እኮ። ፎቶውን አላመጣችሁም?»

«መንገዱ፣ ምኑ… አልተመቸንም» አለ ይሻው። የራጁ ፎቶ ቤት ነው ብሎ እንደነበር ረስቶታል። አለምነው ልብ አለው መሰለኝ፤ ይሻውን አየው። ከዚያ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች አየ። ከአንበሳሜ ከተማ ድረስ የመጡ ነበሩ፤ እኔ እንደዳንኩ ሰምተው።

ገፋው። አልሄደም። እንደገና ገፋው።

«አትታገይኝ!» አለኝ። ያ ቀስ ያለ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «ልቀቂው! አንች ነሽ የምትይዥው!»

አልያዝኩትም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልለቀው ነበር የፈለግሁት።

ሐምሌ 17

ክርኔ ፊት ለፊት፣ ሥጋው ውስጥ፣ ጠጣር ነገር ወጥቷል። የዶሮ እንቁላል ያህላል። አይላወስም። ለእማየ አሳየኋት።

«ደም ነው የቋጠረ። ይታሽ፣ ይሟሟል» አለች።

ሚሚ አሸችው። ትራሱን ነከስኩ።

ሐምሌ 23

ደላላው ሚሚን በስልኩ ፎቶ አነሳት፤ ከነጭ ግድግዳ ፊት አቁሞ፣ ፀጉሯን በሻርፕ አስሸፍኖ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ይሻው «ለማስታወሻ ነው» አለኝ። ሚሚ ምስሏን ደግማ ደጋግማ አየችው። ደስ ብሏት ነበር። ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች።

ከሻንጣየ የሪያዱን ጥቁር ረጅም ቀሚስ፣ አባያየን፣ አውጥታ ለብሳ መስታወት ፊት ስትዞር አገኘኋት። ርዝመቱ ልክ ሆኗታል። «አውልቂው» አልኳት። ሳልቆጣት አልቀረሁም። አሁን ይቆጨኛል።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እማየ ለክንዴ ልትጾም ነው። ይሻው ሐሙስ ቀጠሮ ይዟል። «የመጨረሻ ነው» ይላል። ደላላው ከዚህ በላይ አይጠብቅም አሉ።

አልሄድም ብል?

ነሐሴ 7

ትናንት ሄድን። አሁን በግራየ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ይቅር ይበለኝ።

ሚሚ አልበቃችም ተብሎ ይሻው ራሱ ትከሻየን ያዘ። በጉልበቱ ደረቴን ተጫነ። አለምነው «እብጠቱ እስኪጎድል ብንቆይ?» አለ። ይሻው «ጊዜ የለንም ዶክተር፤ ካልቻልክ ንገረን፣ ሌላ ሰው ጋ እንወስዳታለን» አለው።

አለምነው እጁን ታጠበ። ለምን እንደታጠበ አላውቅም። መጥቶ ያዘኝ።

ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። እንደ አንጓየ ዓይነት አልነበረም፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም። ስነቃ ፊቴ ላይ ውሃ ነበር፣ ይሻው «ተዘረጋ ወይ?» እያለ ይጠይቃል።

አልተዘረጋም።

ነሐሴ 10

ጓሮ የማጀቱን ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጨ ነበር። እነሱ ውስጥ ናቸው። እንዳለሁ አላወቁም።

ሚሚ እንዲህ አለች፦ «እኔ ለእመቤታችን ጧፍ ተስያለሁ እማየ። ክንዷ እንዳይዘረጋ። ከተዘረጋ እሷ ናት እኮ የምትሄደው፣ እኔ እዚሁ ጭቃ ውስጥ ልቀር ነው። እሷ አይታዋለች፣ ይበቃታል።»

እማየ፦ «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

አልተቆጣቻትም። ቀስ በይ ብቻ።

ለሚሚ ብየ ነበር። ይህን አንዴ እዚህ ልጽፈው፤ ከዚህ ወዲያ አልጽፈውም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ሰፈሩ ሁሉ ጅራፍ ያጮሃል። አንዱ በጮኸ ቁጥር ክንዴ ብቻውን ይሰበሰባል። የሚጨፍሩት ልጆች ሙልሙል ሊቀበሉ ሲመጡ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ነሐሴ 20

ለማንም ሳልነግር ሆስፒታል ሄድኩ። ወረፋው እንደፈራሁት አልነበረም። በዚያው ጠዋት ራጅ ተነሳሁ። በሰኔም ብሄድ ኖሮ እንዲሁ ነበር ማለት ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ትርሐስ ትባላለች። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስታ አሳየችኝ። ክርኔ ፊት ለፊት ነጭ ደመና የመሰለ ነገር አለ።

«ይህ አጥንት ነው» አለችኝ። «ሥጋሽ ውስጥ የበቀለ። ደግሞ አዲስ ስንጥቅም አለ፣ ይኸውልሽ። ማን ነው የገፋው?»

«ወደቅሁ።»

«ከምን?»

«ከደረጃ።»

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ስብራት ያለፈበት ክርን በኃይል ሲገፋ ጡንቻው ይቀደዳል፣ ይደማል። የደማው እየጠጠረ አጥንት ይሆናል። ሲታሽ ደግሞ ይብስበታል። አሽተሽዋል?»

«መግፋት ጥሩ አይደለም ማለት ነው?» አልኳት። የአንጓየ ነገር ገርሞኝ ነበር።

«እኔም እገፋለሁ እኮ። ለደረቀ አንጓ፣ ለእግር፣ ለጣት። መገጣጠሚያው ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንሽ፣ ፈጣን፣ አጭር። የሚያም ከሆነ አይገፋም። ያንችን ዓይነቱን ግን ማንም መንካት የለበትም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም።»

አጥንቱ እስኪበስል ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ መንገዱ ሰላም ከሆነ ባሕር ዳር ሄጀ በቀዶ ሕክምና ይወጣልኛል፤ ምናልባት። እስከዚያ ራሴ ብቻ፣ እስከማያመኝ ድረስ እንዳንቀሳቅሰው አሳየችኝ። ስወጣ «ያ ደረጃ ቤታችሁ ውስጥ ነው ያለው?» አለችኝ። በሩን ከኋላየ ዘጋሁት።

ከዚያ አለምነው ጋ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ፎቶውን ሰጠሁት። ቆሞ አየው፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ወንድምሽ ተነስታለች ብሎኝ ነበር።»

«ዋሽቶ ነው።»

«አንችም ነበርሽ እኮ ውቢት። ጠይቄሽ ነበር። ራስሽን ነቀነቅሽ።»

«ሲሞቅ አይተኸው ነበር» አልኩት። «አንተም ነበርክ።»

በሩ ተንኳኳ፤ ሌላ ሰው ክንዱን ታቅፎ ቆሟል። አለምነው ተነሳና «ራጅ አለህ?» ሲለው ሰማሁ። ለእሱስ ደረሰለት።

ነሐሴ 24

ነገርኳቸው። ፎቶውንም አሳየኋቸው። ይሻው አላየውም።

«እንግዲያው አንች አለቀልሽ» አለ። ስለ ሞተ በሬ እንደሚያወራ ሰው ነው ያወራው። ከኪሱ የሚሚን መታወቂያ አወጣ። ዕድሜ፣ ሃያ ሁለት። ደላላው ያሠራው ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው የወጣው። ገና እኔን ማቃናት ሳይጀምሩ።

ጳጉሜ 2

ሚሚን ጓሮ ወስጀ እውነቱን ነገርኳት። የወደቅሁበት ደረጃ የለም። ሪያድ የምሠራላት እመቤት ስልኬን ቀምታኝ ስለነበር እንድትመልስልኝ ጠየቅኋት። ክንዴን ይዛ የዕቃ ቤቱ ብረት በር መሃል አስገባችውና በሩን ገፋችው። ሁለት ጊዜ። ሐኪም ቤት የወሰዱኝ ቁስሉ ሲሸት ነው።

ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም ነበር።

ሚሚ ጥፍሯን ስትልጥ ቆየችና «ታዲያ ስልክ ባትጠይቂያት አይሻልሽም ነበር?» አለችኝ።

መስከረም 4

ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱትን የሚመዘግበው ሥራና ሠራተኛ ቢሮ ሄድኩ። እህቴ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው አልኩ። ሴትየዋ ከጉዞ ማመልከቻው ጋር የገባውን የሚሚን መታወቂያ አየች፣ እኔን አየች፣ ክንዴን አየች። ስልክ ደውላ ሚሚንና እማየን አስጠራቻቸው። «ልጅዎ መቼ ተወለደች?» ስትባል እማየ መሬት መሬት አየች። ያ በቂ ሆነ። ጉዞው ቀረ።

መስከረም 6

ይሻው አልመታኝም። ፍራሼን አውጥቶ ድንች የሚቀመጥበት ክፍል ወረወረው። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። እማየ ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ሚሚ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና ክንዴን እያየች፦

«እንኳን ተሰበርሽ።»

ማዳኑንስ አዳንኳት። ትጥላኝ። ከእጄ አልወጣችም፣ እዚህ ናት፣ ትምህርት ቤት ትመዘገባለች።

መስከረም 18

መስቀል አለፈ። ሚሚ የለችም።

ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነበር። አባያየም የለም። ደላላው በገሳይ በኩል ወደ ወልድያ በሚሄድ መኪና ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር ሲያሳፍራት ያየ ሰው አለ። በዚያ በኩል መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ በረሃ ነው፣ ከዚያ ባሕር ነው።

ይሻው ያውቅ ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት።

እማየ ደረቷን እየደቃች ወደ ድንቹ ክፍል መጣች። «በደኅናው በአውሮፕላን ትሄድ የነበረችውን ልጅ!» አለችኝ። «አንች ነሽ! አንች ነሽ በባሕር የላክሻት!»

አባያየ የነበረበትን ሻንጣ ዘጋሁት።

መስከረም 29

ወሬ የለም። ይሻው የደላላው ስልክ ዝግ ነው ይላል። እማየ እግሯ እንደገና ጀምሯታል፤ አለምነው ጋ ልውሰድሽ ስላት አትሰማኝም። ክንዴን ትርሐስ እንዳሳየችኝ አንቀሳቅሰዋለሁ። እስከማያመኝ ድረስ።

ጥቅምት 11

ዛሬ በእኔ ስልክ ላይ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር፣ የውጭ።

«እትየ?»

ሚሚ ናት። በሹክሹክታ ነው። ከኋላዋ ብዙ ሰው ያለበት ቦታ ይመስላል፤ የብረት ድምፅ አለ፣ የሚያለቅስ ሰው አለ። «የት ነሽ? ሚሚየ፣ የት ነሽ?» አልኩ። ቸኩላ ነበር።

«እትየ፣ እንዳይመቱኝ በአረብኛ ምንድን ነው የምለው?»

ድንቹ ላይ ተቀመጥሁ።

«ለሴት ነው ለወንድ?» አልኳት። የሚለያይ ስለሆነ ነው።

የብረቱ ድምፅ እንደገና መጣ።

«ለወንድ።»

ነገርኳት። «ላ ትድሪብኒ» በይ አልኳት። ደግማ አለችው፣ ተሳሳተች። ቀስ ብየ እንደገና አስያዝኳት። በሁለተኛው አስተካክላ አለችው። ሦስተኛ ልትለው ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ።

እማየ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ። «እሷ ናት? ምን አለች?»

«ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ አለች» አልኳት።

እማየ በጉልበቷ ወድቃ መሬቱን ሳመች። ከዚያ ተነስታ ሮጣ ሄደች፤ ለይሻው ልትነግር። ሳሎን ውስጥ እልል ስትል ሰማኋት።